ሁለት ጅረት ያለው መሬትና የመርካቶ ብልጠቴ

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሮቢንስዴል

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት የወጣነው መሬት ልናይ ነው። ባለቤቴ ጽጌ ስልኳ ላይ ያገኘችው ማስታወቂያ «ገለል ያለ የመዝናኛ ራንች፣ አርባ ኤከር፣ ሁለት ጅረት፣ ትንሽ ቤት ያለው፣ ከባለቤቱ በቀጥታ የሚሸጥ» ይላል። እኔ «ራንች» የሚለውን የከብት እርባታ ነው ብዬ ላም ስጠብቅ፣ እሷ የያዘችው «ገለል ያለ» የሚለውን ነበር። «ግርማ፣ ጎረቤት የለውም ማለት ነው አይደል?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች።

ለምን እንደጠየቀች ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። የዛሬ ሁለት ዓመት የእናቷ መርዶ በስልክ መጣ። ጽጌ ጮኸች። እናቱ የሞተችበት ሰው ምን ያድርግ? ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ በራችንን አንኳኳ። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን «ሰው እየተደበደበ ነው» ብላ ደውላለች። ፖሊሱ እኔን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ እሷን ለብቻዋ «መታሽ ወይ?» እያለ ሲጠይቃት እንባዋን ዋጠችው። ከዚያ ቀን ወዲህ አላለቀሰችም። ድሮ ቤቱን የሚሞላው ጸሎቷም ሹክሹክታ ሆነ። ሴንት ሉዊስ ፓርክ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ደብል ሺፍት እየሠራች ለቤት መግዣ ያጠራቀመችውን «ለመሬት ይሁን» ስትለኝ ነገሩ ገባኝ። ጮኻ የምታለቅስበት ቦታ ነው የፈለገችው።

የመደራደሩን ሥራ እኔ ወሰድኩ። ከኔ ሌላ ማን ይውሰደው? ልጅነቴን መርካቶ፣ ሸማ ተራ፣ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ነው የጨረስኩት። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ የወደድከውን ዕቃ ታጣጥላለህ፣ ዋጋ ትሰብራለህ፣ ነጋዴው እምቢ ካለ ጥለኸው ትሄዳለህ። ሦስት እርምጃ ሳትራመድ «ና እስቲ ወንድም! ስንት ልትከፍል ነው?» ትባላለህ። ይቺን ካምሪ መኪናችንን የገዛኋትም እንዲሁ ነው፤ ሻጩ ፓርኪንግ ሎቱ ድረስ ሮጦ ነው የመለሰኝ። ይህንን በየግብዣው ሳወራ ኖሬአለሁ።

ረፋድ ላይ፣ ወደ ሰሜን

ሚሲሲፒን ተሻግረን፣ ፍሪድሊ ላይ የምሠራበትን ፋብሪካ አልፈን፣ ሠላሳ አምስት ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዘን ወደ ሰሜን ወጣን። ፎረስት ሌክ ላይ በሠላሳ ስምንት ዶላር ነዳጅ ሞላሁ። ከዚያ ወዲያ ከተማው አለቀ። በቆሎው ታጭዶ ማሳው ባዶውን ቀርቷል፤ ዛፎቹ ግማሹ ቀልቷል፣ ግማሹ ረግፏል። ጽጌ ፍርፍር በፎይል ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች፤ ጅረቱ ዳር እንድንበላው ነው።

«ስሚኝ» አልኳት። «ብትወጂውም እንዳትስቂ። ፊትሽ ላይ ካየው ዋጋው አይወርድም።»

«ፊቴን ምን ላድርገው?»

«ኮስተር አድርጊው።»

«እሱማ ልማዴ ነው» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሂንክሊ ላይ ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ምሥራቅ ሄድን። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደነዳሁ አስፋልቱ አለቀ፤ ኮረኮንች ጀመረ። የስልኩ ኔትወርክ ጠፋ። ጽጌ ደስ እንዳላት አየሁና ደግሜ «ፊትሽን» አልኳት።

አምስት ሰዓት፣ ጅረቶቹ ዳር

ሻጩ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው። «ዴል በሉኝ» አለን። ሚስቱ ባለፈው ዓመት ሞታበት ልጁ አሪዞና ልትወስደው ነው። ድምፁ ዝግ ያለ፣ እርምጃው ዝግ ያለ። ቆርቆሮ የለበሰች የእንጨት ቤት፣ በውስጧ የማገዶ ምድጃ፣ ከኋላዋ ነጭ ግንድ ያላቸው ዛፎች። ቁልቁል ስንወርድ ሁለቱ ጅረቶች ይገናኛሉ። ውኃው ሻይ ይመስላል፤ ከረግረግ ስለሚመጣ እንጂ ንጹሕ ነው አለን። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ያለ ቦታ አይቼ አላውቅም። ከውኃው ድምፅ በቀር ምንም የለም።

ጽጌ ጫማዋን አውልቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እዚህ ሰው ቢጮህ ማን ይሰማል?» ብላ ጠየቀችው።

«ድብ» አለ ዴል። ቀጥሎ ግን ፈገግታውን ተወው። «ባለቤቴ ከሞተች በኋላ አሁን አንቺ ያለሽበት ቦታ ላይ ቆሜ ስጮህ ከርሜያለሁ። አንድም ሰው አልመጣም።»

ጽጌ አየችው፤ ወደ ውኃው ዞረች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅነው ነገር መጣ ማለት ነው። እኔ ግን ምን አደረግሁ? ጠጋ ብዬ በአማርኛ «ጽጌ! ፊትሽን! ሰውየው እያየሽ ነው!» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ፊቷን በጅረቱ ታጠበች። ስትነሳ ፊቷ ኮስተር ብሏል።

ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ውኃው ደፍርሷል፣ ጣሪያው ዝጓል፣ በዊንተር መንገዱ አያስገባም፣ ትንኙ መቼም ሰው ይጨርሳል። ዴል አንዱንም አልተከራከረኝም። «ልክ ነህ» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እሱ መቶ ስድሳ ሺህ ብሏል፤ እኔ መቶ አሥር አልኩት።

«እሱ አይሆንልኝም» አለ ለስለስ ብሎ።

«እንግዲያው ይሄ ቦታ ለኛ የሚሆን አይደለም» አልኩና እጁን ጨብጬ ሄድኩ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ዝም። መኪናው ጋ ደርሼ ጎንበስ ብዬ ያልተፈታ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ዝም። ጽጌ ተከትላኝ ገብታ ሞተር ሳስነሳ ዴልን በመስታወቱ አየሁት፤ እጁን ከፍ አድርጎ በሰላም ግቡ ይለናል። ፍርፍሩ እንደተጠቀለለ ነው።

ኮረኮንቹ ላይ አንድ ፒክአፕ አቧራውን እያጨሰ ወደ ውስጥ አለፈን። ባልና ሚስት ከነውሻቸው።

«እነዚህ ደግሞ የት ነው የሚሄዱት?» አለች ጽጌ።

«ጎረቤት ይሆናሉ።»

«ጎረቤት የለውም እኮ፣ ግርማ።»

ሰባት ሰዓት፣ ሂንክሊ

ኔትወርክ ስናገኝ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ካራሜል ሮል የሚሉት ዳቦ የሰው ጭንቅላት ያክላል፤ አንዱን ለሁለት አዘዝን። ጽጌ አልነካችውም። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ።

«እንመለስና እንግዛው» አለች።

«አሁን ከተመለስን አለቀልን፣ ከመቶ ስድሳው ዱዲ አይቀንስም። ይደውላል።»

«ባይደውልስ?»

«ሻጭን ለኔ ተይው! ነጋዴ ሆኜ ያደግሁ ሰው ነኝ።»

«እሱ ግን ነጋዴ አይደለም» አለች። አስተናጋጇ ቡናችንን ሦስት ጊዜ ሞላችልን። ጽጌ በመጨረሻ «እባክህ» አለችኝ። ስንጋባም እንኳ እባክህ ብላኝ አታውቅም። ያኔ ኩራቴን ዋጥኩና ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ።

«ውይ» አለ ዴል። «አሁን ለመጡት ሰዎች ሸጥኩት። ተጨባብጠናል።»

«መቶ ስድሳውን እከፍላለሁ። ከዚያም በላይ እጨምራለሁ።»

«ቃል ሰጥቻለሁ፣ ወዳጄ።» ቀጥሎም «ባለቤትህ የወደደችው መስሎኝ ነበር። ለሷ ቢሆን በመቶ አርባ ልሰጣት አስቤ ነበር። አንተ ለኛ አይሆንም ስትል ግን፣ ሰው ያልፈለገውን አልጭንበትም ብዬ ተውኩት» አለ። መልካም መንገድ ተመኝቶልን ዘጋ።

አፈርኩ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይቆጣል። «ይሄ ምን ዓይነት ሻጭ ነው? ገዢ ሲሄድ ቆሞ ያያል? ተመለስ አይባልም?» አልኩ።

«ያልከውን አመነህ» አለች ጽጌ። «ሰውየው ምን አጠፋ?»

«የቆጡን አወርድ ብላ...»

«ተረት አትተርትብኝ። ቁልፉን ስጠኝ፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።»

አሥር ሰዓት ተኩል፣ ቤት

እስከ ሮቢንስዴል ጽጌ ነዳች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ሲባል ስሰማ ስለ ሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንን ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ አገር ስኖር፣ የማልፈልገውን እፈልጋለሁ፣ የምፈልገውን አልፈልግም እያልኩ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ያመነኝ አንድ ሰው ሲገኝ ሚስቴን ማልቀሻ አሳጣኋት።

ጽጌ መኪናውን ደጃፋችን አቁማ ሞተሩን አጠፋች። አልወረደችም። ጎረቤታችን መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ አየችንና መለሰችው።

«የመኪናው መስኮት ዝግ ነው» አልኳት። «እዚሁ አልቅሺ። ማንም አይሰማሽም።»

«አንተ ትሰማኛለህ» አለችኝ።

ፍርፍሩን ይዤ ወረድኩ፤ በሩንም ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ወደ ቤቱ ሄድኩ፣ እርምጃዬን እያዘገየሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

አልጠራችኝም።