አዳዳ ያቃጠለችው መጽሐፍ

የወረቀት ጭስ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አምቦ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እናቴ በሞተች ዓመት፣ የሞተች እናቷን ፍለጋ ሐይቅ ሥር ወዳለ የመናፍስት ከተማ ስለወረደች ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ ተውሼ ነበር። ልጅቷ የእናቷን ድምፅ ሰምታ በሩን ልትከፍት ስትል፣ አዳዳ እያልኩ የምጠራት፣ የምታሳድገኝ የአባቴ እህት መጽሐፉን ከእጄ ነጥቃ ግቢ ውስጥ በሚነደው ቅጠል ላይ ወረወረችው።

«የአጋንንት ወሬ ቤቴ አይገባም» አለች።

«አዳዳ፣ ተረት እኮ ነው» አልኳት።

«እናትሽም እንደዚሁ ትል ነበር።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ ሽፋኑ እየተጨማደደ ሲጠቁር ቆሜ አየሁ።

እናቴ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ስታነብ ታነጋ እንደነበር የነገረችኝ አምና ያገኘኋት ጓደኛዋ ናት። አዳዳ ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ፣ በእናቴ መውጣቴን እያወቅኩ አድግ ነበር። እስካሁን ይቅር አላልኳትም።