ህንዱ ምን አለ?

በደብረ ታቦር የህንድ ፊልም የምናይበት ቪዲዮ ቤት መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነበር። ሰው የሚመጣው ለፊልሙ ሳይሆን ለአስተርጓሚው ነው። አስተርጓሚው የቀድሞው ጦር ወታደር ነበር፤ አንድ እግሩን ጦር ሜዳ ጥሎ ተመልሷል። «ህንድኛ የተማርኩት ሆስፒታል ተኝቼ፣ ካከመኝ ህንድ ሐኪም ነው» ይለን ነበር።

ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል። ፊልሙን በጨረፍታ ነው የሚያየው፤ ዓይኑ የሚውለው እኛ ላይ ነው። ማን እንደሳቀ፣ ማን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ እንደወሰደች እያየ ታሪኩን ያረዝማል፣ ያሳጥራል። በእሱ አፍ ህንዶች በኢየሱስ ታቦት ይምላሉ፣ ወሰን ተጋፍተው ይካሰሳሉ፤ ዘፈኑ ሲጀመር ብቻ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። እንደሚዋሽ ከጅምሩ ጠርጥሬያለሁ፤ ተዋናዩ አንድ ቃል ሲናገር እሱ ረጅም ወሬ ያወራል። ግን ደስ ይለኝ ስለነበር ዝም አልኩ፣ በእኔ እስኪመጣ ድረስ።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ላገባት የምመኛትን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይዣት ገባሁ። ፊልሙ ውስጥ መነጽር ያደረገ፣ አበባ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሰውዬ ብቅ አለ። አስተርጓሚው የእኔን መነጽር አየ።

«ይኼ ደግሞ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው» አለ። «ሰዋስው አንድ አይቀረውም፤ እሺ ያለችው ሴት ግን የለችም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው እሷ ነበረች። በሳምንቱ ስጠይቃት «ሥራ በዝቶብኛል» አለችኝ፤ እስከ ዛሬ እንደበዛባት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እሷን ምንም ማለት ስላልቻልኩ ቂሜን እሱ ላይ ጣልኩ።

የከተማችን ዩኒቨርሲቲ በተከፈተ ሰሞን የመጣ አንድ ህንዳዊ መምህር ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ ዝምተኛ፣ ብርዳችንን ያልለመደ ሰው። ፊልም ልጋብዝህ ብዬ ወሰድኩት። ለምን እንደፈለግሁት አልነገርኩትም። ሲገባ ሰው ሁሉ ተንጫጫ፤ የአስተርጓሚው ፊት ዓመድ መሰለ። ግን ፊልሙ ተጀምሮ ነበርና መተረክ ነበረበት። እኔም እሱ የሚለውን በእንግሊዝኛ እያደረግሁ በህንዱ ጆሮ አንሾካሾክሁ።

እንደዚያ ቀን ተርኮ አያውቅም። ዓይኗ የጠፋ እናት ከስንት ዓመት በኋላ የልጇን ፊት ስትዳስስ፣ «የግንባርህ ጠባሳ የት ሄደ? እኔ አንተን የማውቅህ በእሱ ነበር» አስባላት። ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። ህንዱም በጨለማው ውስጥ መሐረቡን አወጣ።

ሲያልቅ መብራቱ በራ። ተነሳሁና ሰው ሁሉ እያየኝ ህንዱን በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት፤ ትርጉሙ ልክ ነው?

«እኔ የደቡብ ሰው ነኝ» አለኝ። «የእኛ ቋንቋ ሌላ ነው፤ ይኼንን እኔም አልሰማውም። ያስለቀሰኝ የእሱ ታሪክ ነው። አመሰግናለሁ በልልኝ።»

ወደ ሰዉ ዞርኩ። «አንድም ቃል ልክ አይደለም ይላል» አልኩ።

አንዲት ሴትዮ «ኧረ በስመ አብ! ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ብለን ነው ስናለቅስ የኖርነው?» አሉ። ሳቁና ፉጨቱ ቀለጠ፣ የብርቱካን ልጣጭ ተወረወረበት። እሱ አልተከራከረም። አለማወቁን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። ክራንቹን ፈልጎ ተነሳና «ባለቋንቋው ካለ እኔ ምን እላለሁ» ብሎ ወጣ።

ህንዱ ግራ ተጋብቶ «ምን ሆነው ነው?» አለኝ።

«የወደዱትን እንዲህ ነው የሚሸኙት» አልኩት።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ያለ አስተርጓሚ ታየ፤ አግዳሚዎቹም ባዶ ሆኑ። እሱን ከተማው ውስጥ ያየው አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ አንበሳሜ ገበያ ላይ አገኘሁት። ከፊቱ የናይለን ገመድ ዘርግቶ ይሸጣል። አይቼ እንዳላየ ላልፍ ስል ጠራኝ።

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ?»

ድሮ አንተ ይለኝ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ። «ህንዱ ያን ዕለት ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን ከልቤ አልወጣም። የተናገርኩት ሁሉ ውሸት ከሆነ ምን አስለቀሰው? እውነት ምን ነበር ያለው?»

ልነግረው እችል ነበር። ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። ግን የማውቃቸው ሰዎች ገመድ ሊገዙ አጠገባችን ቆመው ነበር፤ አፈርኩ። ስለ እሱ ሳይሆን ስለ ራሴ ነው ያፈርኩት።

«ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ጋሼ» አልኩት።

ጥቂት አየኝ፤ ያኔ ከበርጩማው ላይ ፊታችንን ያይ እንደነበረው። ከዚያ ዓይኑን መለሰ።

«እሱ ነዋ» አለ ገመዱን እየጠቀለለ። «ብርዱ አልተስማማውም።»