ድርቤ ሞረዳ እና የቢላ መንገድ

ሾፌሩን ተረፋን የመታችው ጥይት የመኪናዋን የፊት መስታወት በስታ ነው የገባችው። ድርቤ ሞረዳ ከኋላው ተቀምጣ ስለነበር ደሙ ፊቷ ላይ ተረጨ። ተረፋ መሪውን እንደያዘ ወደ ጎን ዘመም አለ፤ መኪናዋም ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ከነቀምት ወደ ቢላ ከተማ እየሄዱ ነበር፤ ጠዋት ነው፤ በበቆሎው ላይ ጤዛው ገና አልረገፈም። ከበቆሎው ውስጥ የታጠቁ ሰዎች ወጡ። አንዱ በሩን በርግዶ ድርቤን በፀጉሯ ጎትቶ መሬት ላይ ጣላት።

"ሾፌሩ አልሞተም፤ እባካችሁ እርዱት" አለች በኦሮምኛ።

"ሞቷል" አላት የጎተታት ሰው። ከዚያ በመስኮቱ በኩል አፈሙዙን አስገብቶ ተረፋን ደገመው።

ድርቤ የነቀምቱ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ልጅ ናት። ኮሌጅ ጨርሳ ነቀምት ውስጥ የኮምፒውተር ኔትወርክ በሚዘረጋ አንድ ትንሽ ድርጅት ተቀጥራለች። ሥራው ግድግዳ መብሳት፣ ኮርኒስ ላይ መውጣት፣ ኬብል መጎተት ነው። ከዚህ ከፍ ለማለት በየአገሩ የሚታወቀውን የኔትወርክ ሰርተፊኬት መያዝ ነበረባት። ፈተናው አዲስ አበባ ነው የሚሰጠው፤ ሽምደዳ ደግሞ ብዙ አይጠቅምም። የተበላሸ ኔትወርክ ኮምፒውተር ላይ ያቀርቡልሃል፤ ጥፋቱን ፈልገህ፣ ትእዛዙን በእጅህ ጽፈህ፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ታስተካክላለህ።

የሚያጠኑት ሦስት ሆነው ነበር። አንዷ ባዩሽ ናት፤ ጎጃም ተወልዳ ለመምህርነት ነቀምት የተመደበች። ሌላው ኦብሳ ነው፤ የጨለለቂ ሰፈር ልጅ፣ የድርቤ የኮሌጅ ጓደኛ። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ዘመን ባዩሽ የተከራየችው ክፍል ውስጥ ተሰብስበው በፍላሽ በመጣ የመለማመጃ ፕሮግራም ይሠሩ ነበር። ጥያቄ የሚያወጣው ኦብሳ ነው።

"ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ስዊች ላይ ተሰክተዋል፤ ግን አይተያዩም። ለምን?" ይላል።

ድርቤ ሁልጊዜ ተጣድፋ የኮምፒውተሮቹን አድራሻ ልታይ ትገባለች። እሱም ያስቆማታል። "ከታች ጀምሪ እንጂ ኦቦሌቲ። መጀመሪያ ሽቦውን፣ ከዚያ ሶኬቱን፣ አድራሻው መጨረሻ ነው።" ኦቦሌቲ እህቴ ማለቱ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን የኦብሳ ታላቅ ወንድም በጥይት ተመትቶ ወንዝ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ማን ገደለው ለሚለው ከተማው ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ ነበር። ኦብሳ ወንድሙን ቀበረ፤ ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ጫካ ገባ ተባለ። ባዩሽ ፈተናውን ተፈትና አለፈች። ድርቤ ግን መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ሥራ እየያዛት፣ ሥራው በቀለለ ቁጥር መንገዱ እየተዘጋ ቆየች።

ያን ጠዋት ታጣቂዎቹ ድርቤን እያዳፉ ከመንገዱ ርቆ ወዳለ ጫካ ወሰዷት። ቢላ ላለ አንድ የግል ክሊኒክ የያዘችውን ዕቃም ተሸክመው መጡ። አዛዡ ጠና ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ካርቶኑን ዘርግፎ ስዊቹን በጫማው ገፋ አደረገው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ስዊች ነው። የክሊኒኩን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ያገናኛል።"

"የእኛን ስልክ የሚጠልፍ ነው እንጂ።"

"አይደለም፤ ስልክ አያውቅም" አለች።

አዛዡ በዓይኑ ምልክት ሰጠ። አንዱ ከካርቶኑ የወጣውን ሰማያዊ ኬብል አጥፎ ጀርባዋን ይገርፋት ጀመር። የኬብሉ ጫፍ አንገቷንና ጆሮዋን እየላጠ ያልፋል። ስትወድቅ በርግጫ ያነሷታል። አዛዡ ያንኑ ይጠይቃታል፤ ያንኑ ትመልሳለች። በመጨረሻ አዛዡ ወደ ዛፎቹ ዞር ብሎ "ኮምፒውተር የተማረውን ጥሩት" አለ።

የመጣው ኦብሳ ነበር። ከስቷል፤ ጢሙ ፊቱን ሸፍኖታል። ድርቤን አይቶ ቆም አለ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ስዊቹን እያገላበጠ አየው።

"እንዳለችው ነው" አለ። "ሽቦ የተሰካበትን ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚያውቀው። ስልክ አይጠልፍም።"

"ልጅቷን ታውቃታለህ?"

"አብረን ተምረናል።"

አዛዡ ትንሽ አሰበና "እንግዲያው አንተው ፍረድ" አለው። "ተመልሳ ለመንግሥት ሽቦ ትዘረጋለች። እንግደላት ወይስ እጇን እንስበረው?"

"እጇን" አለ ኦብሳ ወዲያው።

"ስበረዋ።"

ኦብሳ አጠገቧ ተንበረከከ። "ሀርካ ኬ ና ኬኒ" አላት፤ እጅሽን ስጪኝ ማለት ነው። ይህን እያለ የያዘው ግራ እጇን ነበር። ድርቤ ሐሳቡ ገባት። ለአዛዡም ገባው።

"ቀኙን" አለ።

ቀኝ እጇን ድንጋይ ላይ ዘረጉት፤ ሁለት ሰዎች ክንዷን ረገጡ። ኦብሳ የጠመንጃውን ሰደፍ አነሣና መታ። ጣቶቿ ሲሰበሩ ድምፃቸውን ሰማች። አዛዡ አልበቃውም፤ ኦብሳ ደገመ። ድርቤ አፏ ውስጥ አፈር እስኪገባ ጮኸች።

እንዲጠብቃት የታዘዘውም እሱ ነው። ሌሎቹ ራቅ ሲሉ ሸሚዙን ቀዶ እጇን ጠቀለለላት።

"ፈተናውን ተፈተንሽ?" አላት።

ትተፋበት ዘንድ ምራቅ አልነበራትም። "ገና ነኝ" አለች። "ባዩሽ አልፋለች።"

"ባዩሽ ጎበዝ ናት።"

"ተረፋ ልጆች አሉት፤ ታውቃለህ?"

ኦብሳ የጠቀለለውን ጨርቅ ጫፍ ቋጠረ።

ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ወታደሮች ጫካውን ከበቡ። ተኩሱ ከሁለት በኩል መጣ፤ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ ይወድቃል፤ የቆሰለ ሰው እናቱን ይጣራል። ኦብሳ ድርቤን ገፍትሮ ጎርፍ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ጣላት። እሱ ራሱ ሊገባ ሲል አንገቱን ተመታ። ላይዋ ላይ ወደቀ። ደሙ ይፈስባት ነበር፤ በግራ እጇ ቁስሉን ልትደፍነው ሞከረች፤ ብዙም አልቆየ፣ ሞተ።

ወታደሮቹ ሲያገኟት ሬሳ ታቅፋ ነበር። ይህም ሌላ መዘዝ አመጣባት። ወደ አንድ ካምፕ ወሰዷት፤ የሚመረምራት ሰው "ሾፌሩን ገድለው አንቺን ለምን ተዉሽ?" እያለ ያፋጥጣታል። የሆነውን ነገረችው። አላመናትም። ያበጠ እጇን ይዞ ጨመቀው፤ ራሷን ሳተች። የድርጅቷ ባለቤትና አባቷ ሞረዳ በር ላይ ተመላልሰው፣ ሽማግሌ ልከው ነው ያስፈቷት። እጇ ሐኪም ያየው ዘግይቶ ስለሆነ ሁለቱ ጣቶቿ እንደደረቁ ቀሩ።

ቤት በተኛችበት የኦብሳ እናት አዴ ቦንቱ መጡ። ተቀመጡ ቢሏቸው እምቢ ብለው በር ላይ ቆሙ።

"ልጄን አይታዋለች አሉኝ።"

"አይቼዋለሁ ሃርሜ" አለች ድርቤ። ሃርሜ እማማ እንደማለት ነው። ልትዋሽላቸው አስባ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ አልሆነላትም። "እጄን የሰበረው እሱ ነው። አጠገቤ ነው የሞተው።"

"እጅ የሚሰብር ልጅ አልወለድኩም።"

"እንዳይገድሉኝ ብሎ ነው የሰበረው። ጥይት ሲመጣም ጉድጓድ ውስጥ የከተተኝ እሱ ነው። የሆነውን ሁሉ ልንገርዎት ብዬ ነው።"

አዴ ቦንቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳይሰናበቱ ሄዱ። በማግሥቱ ግን አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራሥር ቀቅለው፣ በቅቤ አሽተው ይዘው መጡ፤ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ይባላል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አጎረሷት። ስለ ልጃቸው ዳግመኛ አላነሡም። እስክትነሣ ድረስ ግን መምጣታቸውን አልተዉም።

ባዩሽ ይህን ስትሰማ ተናደደች። በዚያ ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ተዛውራ ዕቃዋን እየሸከፈች ነበር።

"ተረፋን ከገደሉት ጋር የነበረ ሰው ነው፤ ድርቤ። አታለሳልሺው።"

"አላለሳለስኩትም።"

"ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?"

"አላውቅም" አለች ድርቤ። "መስበሩንም ማዳኑንም አይቻለሁ። አንዱን መርጬ ልረሳው አልቻልኩም።"

ባዩሽ ከዚያ በኋላ አልተከራከረቻትም። መለማመጃውን ከፍታ ኮምፒውተሩን ወደ ድርቤ ግራ እጅ ገፋችላት።

በግራ እጅ መጻፍ አበሳ ነበር። መፍትሔው በጭንቅላቷ አልቆ ጣቷ ገና ፊደል ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ በተንኳኳ ቁጥር ትበረግጋለች፤ ሰማያዊ ኬብል ስታይ አንገቷ ያቃጥላታል። አዲስ አበባ ሄዳ ተፈተነች፤ ተግባራዊ ጥያቄዎቹን ሳትጨርስ ሰዓቱ አለቀባትና ወደቀች። ተመልሳ ነቀምት ገባች፤ ከሥራ መልስ በየቀኑ ኔትወርክን ከኔትወርክ የሚያገናኘው ራውተር የሚቀበላቸውን ትእዛዞች በአንድ እጇ እየጻፈች፣ እያጠፋች፣ ደግማ እየጻፈች ከረመች። አባቷ "ይቅርብሽ ልጄ፤ ነፍስሽ ተርፋለች" አሏት። "ነፍሴ ታዲያ ምን ትሥራ አባ?" አለቻቸው።

ሁለተኛውን ፈተና የተቀመጠችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከባዱ ጥያቄ ሁለት ቢሮዎች እንዲገናኙ የሚያዝ ነበር፤ ራውተሮቹ አንዱ የሌላውን መንገድ አያውቁም። ድርቤ ከሽቦው ጀምራ ወደ ላይ መረመረች፤ ስህተቱን አንዱ አድራሻ ላይ አገኘችው፤ በግራ እጇ ጻፈችው፤ መገናኘታቸውን ለመፈተን ፒንግ አደረገች፤ መልስ መጣ። የሚቀጥለውን ከፈተች።

አልፋ ወጣች። ባዩሽ ዝናቡን ሽሽት በረንዳው ሥር ቆማ ትጠብቃት ነበር። ድርቤ ውጤቱን አሳየቻት። ባዩሽ አነበበችና አቀፈቻት፤ የአንገቷን ጠባሳ እንዳትነካ ተጠንቅቃ። ከዚያ ዝናቡ ጋብ ሲል ምሳ ሊበሉ ሄዱ።