የጓሮው ማሾ ወጥ

በጾም ወጥ እቴነሽን የሚያህል ሸዋ ሮቢት ውስጥ አልነበረም። የአሰብ ሹፌሮች ሳይቀሩ ምግብ ቤቷ ደጅ መኪና ያቆሙ ነበር። አንድ እግረ ረጅም ሰው የጓሮ ክፍሏን ከተከራየ ወዲህ ግን ቅናት ያንገበግባት ጀመር።

የጦር ሠራዊት ሯጭ ነበር አሉ፤ ቋንጃው ተጎድቶ የቆላው ሙቀት ይሻልሃል ተብሎ የመጣ። ሰማያዊ ቱታውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የታመመ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ፣ ሽንኩርቱን ሳይቸኩል ያቁላላል። ማሾውን ሲጨምርበት ሽታው ምግብ ቤቱ ድረስ ይዘልቃል።

አንድ ቀን አንድ ሹፌር፣ «እትዬ፣ ከጓሮው ያምጡልን» አላት።

በንዴት ወደ ጓሮ ሄዳ፣ ሳታስፈቅድ ከድስቱ ቀመሰች። ጣፈጣት፤ ይበልጥ ተናደደች።

«ማነው ያስተማረህ?»

«እናቴ» አለ ጨው እየነሰነሰ። «ስሮጥ ኖሬ ቤት ውዬ አላውቅም ነበር። እግሬ ሲጎዳ ወደ እሷ ሰደዱኝ፤ ለካ አልጋ ይዛ ኖሯል። ተኝታ እያዘዘችኝ፣ እየሠራሁ አጎረስኳት፤ እስከ መጨረሻው።»

«ባትጎዳስ ኖሮ?»

«አልደርስላትም ነበር፣ እትዬ።»

እቴነሽ ማንኪያውን አስቀመጠች። የእሷ ልጅ ከዘመተ ዓመት አልፎታል፤ ደኅንነቱን የሚነግራት እንኳ የለም። በወጡ መቅናቷ ቀርቶ በዚያች በሞተች ሴት ቀናች።

«ምነው የእኔንም ልጅ ጥይት እግሩን ብቻ መትቶት ወደ ቤቱ በሰደዱት» አለች፤ ባለችው ደንግጣም አማተበች።