መሪዋ በቀኝ የነበረች መኪና

ባለፈው ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን በወረርሽኙ በተዘጋበት ሰሞን፣ እሑድ እሑድ እዚህ ቬጋስ፣ ሰንራይዝ ማነር በሚባለው ሰፈር ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ተሰብስበን፣ ከመኪናችን ሳንወርድ ስብከቱን በሬዲዮ እንሰማ ነበር። የሆቴል ሥራዬ ቆሞ ነበር፤ ቤተሰቤ ግን ጤነኛ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ እሑድ ጋሽ መስፍን የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት ጣራዋ ወደ ኋላ በተጠቀለለ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና መጥተው ከጎናችን ቆሙ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጎማዋ እንደ ብስክሌት ሽቦ የተወጠረበት፣ አረንጓዴ ኤም ጂ። የጋለ ቆዳና የቤንዚን ሽታዋ ሲደርሰኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አክስቴ አልማዝ እንዲህ ያለች መኪና ነበረቻት። ነርስ ነበረች፤ አብሯት የሠራ እንግሊዛዊ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላት ነው። የእኛ አገር መኪና መሪው በግራ ሲሆን የእሷ በቀኝ ነበር። ዝናብ በማያባራበት አገር ጣራ የሌለው መኪና መሥራታቸው ያስቃት ነበር። «ፀሐይ ትወጣለች ብለው እኮ ነው፤ ከዚህ በላይ እምነት አለ?» ትል ነበር። ግቢ ውስጥ ቆማ ሳለች እገባና እቀመጣለሁ፤ ከዝቅታዋ የተነሳ እጄን ብዘረጋ መሬቱን እነካለሁ። በእሷ ሽርሽር ልትወስደኝ ቃል የገባችልኝ ለአንድ እሑድ ነበር።

ከሰንበት ትምህርት ስንወጣ አክስቴ ከነመኪናዋ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። መሪዋ በቀኝ ስለሆነ የእግረኛውን መንገድ ጥግ ይዛ ስትቆም ፊቷ አጠገቤ ነበር። ሱሪ ለብሳ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ባዶው ወንበር ላይ ለፀጉሬ ያመጣችው ሻሽ አለ።

«ነይ እንጂ፣ የእኔ እመቤት!» አለችኝ።

አብራኝ የምትዘምር ልጅ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ያቺ ዓለማዊ አንቺን ነው እንዴ የምትጠራው?»

«አላውቃትም» አልኩ።

አክስቴ ሰማች። መነጽሯን አስተካከለች። «ይቅርታ ልጆች፣ የእህቴ ልጅ መስላኝ ነው» አለች። ሻሹን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ሄደች።

ለእናቴ አልነገረችም። እንደ ድሮው ከረሜላ ታመጣልኛለች፣ ትስመኛለች፤ ወደ መኪናዋ ግን ዳግመኛ አልጠራችኝም። ይቅርታ የምጠይቅበትን ቀን ሳቆይ ሳቆይ፣ አረፈች። ለጴጥሮስ ዶሮው ወዲያው ጮኸለት። ለእኔ ዘገየ።

ያኔ ዓለማዊ የምንለው ብዙ ነበር። ዛሬ ሰንበት ትምህርት የማስተምረው እኔው ራሴ ሱሪ ለብሼ ነው። ያን እሑድ ፓርኪንጉ ውስጥ ሁላችን መስኮት ዘግተን ኤሲ ከፍተን ስንቀመጥ፣ ጋሽ መስፍን ብቻ በቬጋስ ፀሐይ ስር «አሜን» ሲሉ ይሰማ ነበር። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣ ጣራውን ቢዘጉት ይሻላል አልኳቸው።

«ይህን ዘግቼ እስክጨርስ ስብከቱ ያልቃል፣ ልጄ» ብለው ሳቁ።

ልጄ ከኋላ ወንበር አንገቷን አሰገገች። «ማሚ፣ በጣም ኩል ነው! እንደዚህ መኪና ያለው ሰው ታውቂያለሽ?»

ወደ ኋላ ዞርኩላት።

«አክስቴ ነበራት» አልኳት። «አልማዝ ትባላለች። አውቃታለሁ።»