ሦስት እጥፍና ግማሽ አልጋ

ጥርስ ሠሪዋ ወደ ትልቁ ከተማ የሄደች ዕለት አፏን ይዛ ብትሳፈር ኖሮ እስከ ዛሬ በስሟ ትጠራ ነበር። መናኸሪያ ድረስ የሸኟት ጎረቤቶች «ምን አጥተሽ ነው የምትሄጂው?» ቢሏት፣ ሻንጣዋን ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ እያቀበለች «ደመወዙ እኮ ሦስት እጥፍ ነው!» አለች። በቃ። አውቶቡሱ መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ስሟ «ሦስት እጥፍ» ሆኖ ቀረ። «ሦስት እጥፍ ደወለች?» «የሦስት እጥፍን እናት አዲስ ጫማ አያችሁላቸው?» የሰው አፍ ቁልፍ የለውም፤ አለው ከተባለም ቁልፉ ያለው ታላቅ እህቷ ኪስ ውስጥ ነው፣ እሷ ደግሞ ዘግታበት አታውቅም።

ለነገሩ ምን አጥታ ነበር? ደመወዝ። ሌላው ሁሉ ነበራት። ከቤተሰቡ ቤት በስተጀርባ፣ አባቷ በሕይወት ሳሉ የሰጧት፣ በሯ ወደ ጓሮ የሚከፈት አንዲት ክፍል ነበረቻት። እዚያው መስኮቱ ሥር ጀሶ ታቦካለች፣ ሰም ታቀልጣለች፣ ለሰፈሩ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። የማን ድድ የት ጋ እንደሚጎረብጥ በእጇ ታውቃለች። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሲስቁ የሚታየው የእሷ ሥራ ነው፤ ሲሰድቧትም በዚያው ጥርስ ነው።

ከተማው የገባላትን ቃል አላጠፈም፤ ደመወዙ እውነትም ሦስት እጥፍ ነበር። ደመወዙን አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁት ወጪዎች ግን አራት እጥፍ ሆነው ተገኙ። ቤት ፍለጋ ስትዞር ዋጋው ራሷን አዞራት። በመጨረሻ ያገኘችው አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ አከራይዋ አንዱን ሳሎን በችፑድ ለሦስት ከፍላ ካከራየቻቸው ጉረኖዎች አንዱን ነው። ለዚያውም ግማሹን። አልጋው አንድ፣ ተከራዮቹ ሁለት። ሌሊት ሌሊት የምትሠራ ነርስ አለች። ከማታ እስከ ጠዋት ሁለት ሰዓት አልጋው የጥርስ ሠሪዋ ነው፣ ከዚያ በኋላ የነርሷ። አንሶላው የየራስ፣ ፍራሹ የጋራ። ምስኪን ፍራሽ! ከሦስቱ ያለ ደመወዝ ሌት ተቀን የሚሠራው እሱ ብቻ ነው።

የሥራ ቀን ደህና ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የተለጠፈባቸው የጀሶ መንጋጋዎች በካርቶን ይመጣሉ፤ ጥርስ ትተክልላቸዋለች፣ ይሄዳሉ። ማን እንደሚያኝክባቸው አታውቅም። ጉዱ እሑድ ነው። ሁለት ሰዓት ሲሆን ነርሷ መጥታ ታስነሣታለች፤ ከዚያ እስኪመሽ ቤት የላትም። መናኸሪያ ሄዳ መንገደኛ መስላ ትቀመጣለች። «ወዴት ነሽ?» የሚላት ካለ በየሳምንቱ ሌላ አገር ትጠራለታለች።

ይህን ለቤተሰብ እንዴት ብላ ትንገር? «ሰፊ ቤት ነው፣ በረንዳም አለው» ትላለች በስልክ፣ እዚያው መናኸሪያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ።

«ጫጫታው ምንድን ነው?»

«በረንዳው ወደ መንገድ ስለሚያይ ነው።»

ጉድ ያፈላባት ይኸው በረንዳ ነው። ታላቅ እህት ሰማች፣ አወጣች፣ አወረደች፤ በረንዳ ያላት ሴት የጓሮ ክፍል ምን ይሠራላታል? ታናሽ ወንድማቸው ሚስት ሊያገባ ነው፤ ለእሱ ትልቀቅለት። ክፍሉን የሚያስለቅቅ ወረቀት አስጻፈች። ሌሊቱን በአውቶቡስ ስትንገላታ አድራ፣ አንድ እሑድ ማለዳ አምስት ፎቅ እያለከለከች ወጥታ በሩን ደበደበችው።

«እትዬ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርሽ በረንዳውን ስታስጠርጊ ልትደክሚ!» ገባች። ቤቱን ለመጎብኘት መራመድ አላስፈለጋትም፣ አንገት ማዞር በቃ። «የታለ በረንዳው?»

«እየታደሰ ነው።»

«ሳሎኑስ?»

«እሱም።»

ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ነርሷ ከመምጣቷ በፊት እህቷ ካልወጣች አገር ይሰማል፤ ካልተፈረመላት ደግሞ እህቷ አትወጣም። «በይ ስጪኝ፣ ልፈርምና ውጭ ቁርስ ልጋብዝሽ» አለችና እስክሪብቶ አነሣች።

እህቷ ግን የቸኮለ ሰው ፊርማ ብትወድም የቸኮለበትን ሳታውቅ የምትሄድ ሴት አይደለችም። «ቆይ እስቲ፣ ወገቤ አለቀ» ብላ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ተዘረረች። «የሦስት እጥፍን ፍራሽ ልቅመሰው። ውይ፣ ይቆረቁራል እኮ!»

«እትዬ፣ ተነሺ በናትሽ።»

«ምን ያንቀዠቅዥሻል? የገዛ ቤትሽ አይደል?»

በሩ ተከፈተ። ሌሊቱን ቆማ ያደረች ነርስ፣ ዓይኗ ደም ለብሶ። «ማናት አልጋዬ ላይ የተጋደመችው?»

እህት በክርኗ ቀና አለች። «አንቺ ማነሽ? ሠራተኛዋ ነሽ? ምነው ዘገየሽ! በይ ሻይ አፍዪልን።»

«ሠራተኛ?» ነርሷ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ወረወረችው። «ስሚ እመቤት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይህ ፍራሽ የእኔ ነው። ተራሽ አይደለም፣ ውረጂ! እንግዳ ማስተኛት ውላችን ውስጥ የለም።»

እህት አንዴ ነርሷን፣ አንዴ ታናሿን አየች። ገባት። ከዚያ ሳቀች፤ ችፑዱ እስኪንቀጠቀጥ፣ ከወዲያ ያለው ተከራይ «ሰው ይተኛበት!» ብሎ እስኪደበድብ ድረስ ሳቀች።

«ግማሽ አልጋ! ሦስት እጥፍ ብላ ወጥታ ግማሽ አልጋ! ደመወዝሽ ከተማ ገባ፣ አንቺ ግን ገና መናኸሪያ ነሽ።» እንባዋን ጠረገች። «በይ አሁን ፈርሚና ልሂድ።»

ጥርስ ሠሪዋ እስክሪብቶውን ከደነችው። «አልፈርምም።»

«ምን አልሽ?»

«ልፈርም የነበረው በረንዳዬን ላድን ብዬ ነው። በረንዳው ተደርምሷል፤ ለፍርስራሽ ክፍሌን አልሰጥም።»

«ላገሩ ሁሉ ነው የምነግርብሽ!»

«ከስልክ ወጪ ገላገልሽኝ።»

«አታፍሪም?»

«ሳፍር ነው የከረምኩት፤ የእሱም ኪራይ በዛብኝ።»

እህት በየፎቁ አንድ አንድ እርግማን እያስቀመጠች ወረደች። ነርሷ ጫማዋን ሳታወልቅ ማንኮራፋት ጀምራለች።

ሰኞ ጥርስ ሠሪዋ መልቀቂያ ስታስገባ የላቦራቶሪው ባለቤት ተቆጣ። «አራት እጥፍ ላድርገው?»

«አልጋዬ ሙሉ ይሆናል?»

«የአልጋ ጉዳይ እኔን አይመለከትም።»

«እኔን ይመለከታል» ብላ ወጣች።

አገሯ ስትገባ ስሟ ቀድሟት ገብቶ ጠበቃት፤ «ግማሽ አልጋ» ሆናለች። ክፍሏ ውስጥ የሙሽራው ቁም ሳጥን ተገትሯል። እየገፋች ጓሮ አወጣችው። ወንድሟ አኮረፈ፣ እናቷ አለቀሱ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች በእሷ ጥርስ ሳቁባት። ገቢዋ? እንደ ድሮው፣ ጠብ የማይል።

በመጀመሪያው እሑድ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሩ ተደበደበ። «ግማሽ አልጋ! ተነሺ፣ ቁም ሳጥኑን ዝናብ እየበላው ነው!»

ጥርስ ሠሪዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አልጋው ላይ አግድም ተጋድማለች። ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም።

«እትዬ፣ ተራሽ አልደረሰም!» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።