ከአክስቴ ቀድሞ አዲስ አበባ የገባው ሥጋ

ፕሮቲኑ ተገኘ። በአክስቴ የጡት ዕጢ ላይ ይኑር አይኑር ሳናውቅ የከረምነው ፕሮቲን አለ፣ ሞልቶ ተርፏል። የደሴው ሐኪም ዛሬ ጠዋት በስልክ ሲነግረን እኔ የከተማችንን የመርሳን ገበያ በእልልታ ላቀልጠው ነበር፤ አክስቴ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ።

«ቆይ እስቲ። ካንሰር ላይ ነገር ተገኘ ተብሎ እልል ይባላል እንዴ?»

እውነቷን ነው፣ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። እብጠቱን የዳበሰችው ትንሹን ልጇን ጡት ካስጣለች በኋላ ነው። «ወተት ረግቶ ነው» ብላ ቅቤ እያስነካች ስታሸው ከረመች። በእኛ ሰፈር ሴት ስለ ጡቷ ለባሏም አታወራም፣ እንኳን ለሐኪም። በኋላ ደሴ ሄዳ ዕጢው ወጣላት፤ ቁራጩን እንዳይበላሽ ሰም ውስጥ አስቀምጠው ለምርመራ አዲስ አበባ ሊልኩት ሲሉ ጦርነቱ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። እሷ መርሳ፣ ሥጋዋ ደሴ ቀሩ።

ተኩስ በተሰማ ቁጥር «የራበው ወታደር አግኝቶ እንዳይጠብሰው» እያለች ታስቀኝ ነበር። እኔ ግን እየሳቅሁ እፈራ ነበር። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮናል፤ ፕሮቲኑ ካለ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ይበቃታል፣ ከሌለ ግን በሽታው ችኩል ነው፣ መድኃኒቱም ከባድ።

መንገዱ ሲከፈት ሰሙ አዲስ አበባ ገባ። አክስቴ እስከ ዛሬ ከደሴ አላለፈችም፤ «ሥጋዬ ቀደመችኝ» ብላ ተቀይማለች።

አሁን ማስረዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ። እኛ የመርሳ አካባቢ ሀብሩዎች ማሽላ አምራች ነን፣ ስለዚህ ማሽላችንን በሚጎዳው አረም፣ በአቀንጭራ ጀመርኩ።

«የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆይ የለ? የማሽላ ሥር ሲሸተው ነው የሚነቃው። የአንቺም ዕጢ እንደዚያው፤ ፕሮቲኑ አፍንጫው ነው፣ የሴት ሆርሞን ሲሸተው ያድጋል።»

«ክኒኑስ?»

«አፍንጫውን ይደፍናል። አፍንጫ የሌለውን ምኑን እንደፍነዋለን?»

«ሮጦ ሌላ ቦታ ቢገባስ?»

«ሴሎቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ ሌላ ፕሮቲንም አለ። እሱ ሲጠፋ ነው ተፈናቅለው ወደ ጎረቤት ሥጋ የሚገቡት። የአንቺ አልጠፋም። ብብትሽም ንጹሕ ነው ተብሏል። ክትትሉ ግን አይቀርም።»

 ከዚያ «አልሃምዱሊላህ» ብላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው፤ በጦርነቱ እንኳ አላለቀሰችም።

«በይ አሁን እልል በይ» አለችኝ። አልኩ። ቲማቲም ሻጯ ማን አገባ ብላ ጠየቀች።

አክስቴም እዚያው ቆማ ጥሪ ጀመረች፣ በጽሑፍ ለእናንተ እንዳደርስም አዘዘችኝ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቷ ዱዓ አለ። ሙስሊም ክርስቲያን ሳትሉ ኑ፤ ጡቷ ላይ እንግዳ ነገር ዳብሳ ቅቤ የምትቀባ ካለች ደግሞ ቀድማ ትምጣ። ጓዳ ወንድ አይገባም፣ አክስቴ ጠባሳዋን ታሳያችኋለች፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ አብራችሁ ትሄዳለች። መርሳ የሚርቃችሁ፣ ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ በሩ ክፍት ነው፤ ግቡ።